ጓዳችን ለልባችን ምን ያህል ይረዳል?

በከተማ መንደሮቻችን አንድ ሰው «ደም ብዛት አለብህ ተባልኩ» ብሎ የተናገረ እንደሆነ መድኃኒት ነጋሪው ብዙ ነው። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር ታዝዛለች፤ ሌላዋ ተልባ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የሽፈራው ቅጠል። ሎሚ በሙቅ ውኃ የምታዝም አትጠፋም። ምክሩ ከቅን ልብ የሚመነጭ ነው፤ አብዛኛውም ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጎረቤት ለጎረቤቷ፣ «እትዬ፣ በዚህ ኪኒን ምን አደከመዎ? ይተዉትና ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ዋጥ ያድርጉ፤ ይለቅዎታል» ስትል ነው።

የተመከሩት እናት ኪኒኑን ትተው ሽንኩርቱን ይይዛሉ። ለጥቂት ሳምንታት ምንም አይሰማቸውም፤ ምንም ስላልተሰማቸውም የዳኑ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን ደም ብዛት ሲሻልም ሆነ ሲብስ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም። አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ፣ አንደበታቸው አልፈታ ሲላቸው ቤተሰቡ ይደናገጣል። በዚያን ጊዜ ነጭ ሽንኩርቱን መውቀስ ከንቱ ነው። ሽንኩርቱ ያለ አቅሙ የኪኒኑን ሥራ እንዲሠራ የተደረገ ነውና።

ለመሆኑ በየጓዳችን የሚገኙት ቅመሞች፣ ጥራጥሬዎችና ቅጠላ ቅጠሎች ለልብ ጤንነት ይረዳሉን? አዎን፣ ብዙዎቹ ይረዳሉ። የሚረዱት ግን የዘወትር ምግብ ሲሆኑ፣ ጨውና ቅቤው ሲቀነስና ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የትኛው ምን ያህል እንደሚረዳና የትኛው ጥንቃቄ እንደሚያሻው እንመለከታለን።

ድምፅ የሌለው ሕመም

ልብ የባለቤቱን ጡጫ የሚያህል ጡንቻ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 100 ሺህ ጊዜ ያህል እየመታ ደምን ወደ መላው አካል ይረጫል። ደሙ በሚያልፍበት ጊዜ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል የደም ግፊት ይባላል። ይህ ግፊት በልዩ ልዩ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው ቁጥር 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ደም ብዛት አለ ይባላል። ግፊቱ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ የደም ሥሮች ይደድራሉ፤ ልብም ከዐቅሟ በላይ ስትሠራ ትደክማለች። ኩላሊት፣ ዐይንና አንጎልም አብረው ይጎዳሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አኃዝ መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ደም ብዛት ነበረባቸው። ከነዚህም ውስጥ 46 ከመቶው ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ መለካት ነው። በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የደም ግፊትን ለመለካት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ተልባ

ከጓዳችን እህሎች መካከል ስለ ልብ በብዙ ከተጠኑት አንዱ ተልባ ነው። ተልባ ሁለት ጠቃሚ ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ኦሜጋ 3 ከሚባሉት የቅባት ዓይነቶች የሚመደብ ዘይት ነው። ሁለተኛው ውኃ ሲነካው የሚለጠልጠው አሰር ነው። ይህ አሰር በአንጀት ውስጥ ኮሌስትሮልን ይዞ በመውጣት በደም ውስጥ ያለውን መጠን በመጠኑ ይቀንሳል።

በካናዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የእግራቸው የደም ሥር የጠበበባቸውን 110 ሰዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ የገባበት ምግብ ለስድስት ወር ተመገቡ። በመጨረሻ ሲለኩ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥራቸው ተልባ ካልተሰጣቸው ሰዎች ይልቅ በ10 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መድኃኒታቸውንም ይወስዱ እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ተልባው የረዳው ከመድኃኒቱ ጋር ሆኖ ነው።

30 ግራም የተፈጨ ተልባ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሆናል። ሳይፈጭ የተበላ ተልባ ከሆድ እንደ ገባ ስለሚወጣ ጥቅሙ ጥቂት ነው። በደንብ ተወቅጦና ተነፍቶ በውኃ ብቻ ሲጠጣም አሰሩ በወንፊት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሳይነፋ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም በፍትፍት መብላት ይሻላል። ተልባ ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ የአንድ ሳምንት ያህል ብቻ መፍጨትና ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል።

ነጭ ሽንኩርትና አብሽ

ነጭ ሽንኩርት ደም ብዛት ባለባቸው ሰዎች ላይ ግፊቱን በጥቂት ቁጥር እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በፋብሪካ ተዘጋጅቶና ተመጥኖ በሚሸጥ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ወይም ጭማቂ ነው። በወጥ ውስጥ የሚገባው ራስ ሽንኩርት ያንኑ ያህል ይሠራል ለማለት አይቻልም። ጠቃሚው ነገር የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲቀጠቀጥ ነው፤ ኃይለኛ ሙቀት ደግሞ ያዳክመዋል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርትን ቀጥቅጦ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ብልህነት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ወጡን ስለሚያጣፍጠው ጨው ለመቀነስ ያግዛል።

አብሽ በአሰር የበለጸገ ነው። የደም ስኳርን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል፤ ኮሌስትሮልንም በመጠኑ ይቀንሳል። የስኳር ሕመም ልብን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ በመሆኑ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ነገር ግን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽን አብዝቶ ቢጠጣ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችም ለቅመም ያህል ከሚገባው በላይ ባይወስዱት ይመረጣል።

ከርከዴና ሽፈራው

ከርከዴ ቀይ መልኩና ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙ የሚወደድ መጠጥ ነው። በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ያለና መድኃኒት የማይወስዱ 65 ሰዎችን ተከታትለዋል። ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሦስት ስኒ ከርከዴ የጠጡት ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው በ7 ያህል ሲቀንስ፣ ከርከዴ የሚመስል መጠጥ የተሰጣቸው ግን በ1 ያህል ብቻ ቀንሷል። እዚህ ላይ ስኒ የተባለው ሩብ ሊትር ያህል የሚይዘው ትልቁ እንጂ የቡናችን ሲኒ አይደለም። ደግሞም በከርከዴ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ከተጨመረበት ጥቅሙን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው እጅ መንጠቅ ይሆናል።

ሽፈራው በኮንሶና በጋሞ አካባቢ እንደ ጎመን እየተቀቀለ የሚበላ የዘወትር ምግብ ነው። የቅጠሉ ውጤት የደም ግፊትን እንደሚቀንስ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። በሰው ላይ የተረጋገጠው ግን ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽፈራውን እንደ ጥሩ አትክልት መብላት መልካም ነው፤ በኪኒን ፈንታ መያዝ ግን አይገባም።

ከመጨመሩ ይልቅ መቀነሱ

ብዙዎቻችን ለልብ የሚበጅ ነገር ስንፈልግ፣ «ምን ልጨምር?» ብለን እንጠይቃለን። «ምን ልቀንስ?» ብለን ብንጠይቅ ግን የበለጠ እናተርፍ ነበር። በተለይም ጨውን።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። ጨው በኛ ምግብ ውስጥ በአንድ በር ብቻ አይገባም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲፈጭም እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ እንደገና ጨው ይጨመራል። ከገበያ የሚገዛው የማጣፈጫ ኪዩብ ራሱ አብዛኛው ጨው ነው። ገበታ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣና አዋዜ ይቀርባሉ። ዳቦውም ጨው አለበት። በዚህ ዓይነት ማንም ሳያስበው የቀኑ ድርሻ በምሳ ሰዓት ያልቃል።

አንዲት የቤት እመቤት ይህን በቀላሉ ልትቆጣጠር ትችላለች። በቤቷ አምስት ዐዋቂ ሰዎች ቢኖሩ በቀን 25 ግራም፣ በወር 750 ግራም ጨው ጣሪያቸው ነው፤ በበርበሬ፣ በሽሮና በዳቦ ውስጥ ያለውም የሚቆጠረው ከዚሁ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ከዚህም ያነሰ ይበቃዋል። አንድ ኪሎ ጨው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሚያልቅ ከሆነ ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል። ጨውን በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ይልቅ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ይሻላል፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ የጎደለውን ጣዕም በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት መሙላት ይቻላል። የሚገዛው ጨው ግን ምንጊዜም አዮዲን ያለበት ይሁን።

ሁለተኛው ቅቤ ነው። የተነጠረ ቅቤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚረጋ ስብ ነው። ከገበያ የሚገዛው የሚረጋ የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ እንዲሁ ነው። ይህ ዓይነቱ ስብ በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የኑግና የሱፍ ዘይት ከዚህ ይሻላሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ በልክ ነው። እናቶቻችን ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በራሱ ውኃ አብስለው ማቁላላት ያውቁ ነበር። ይህን ሙያ መልሶ መያዝ ገንዘብም ይቆጥባል፣ ልብንም ይጠብቃል። ቅቤን ለበዓልና ለእንግዳ አቆይቶ፣ በዘወትሩ ወጥ ላይ ለሽታ ያህል አንዲት የሻይ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ይበቃል።

የዘወትር ማዕድ

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ቅባቱ የወጣለት ወተት የሚበዛበት ምግብ ደም ብዛት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በ11 ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ይህን ያስገኘው አንድ ተአምረኛ ቅጠል ሳይሆን ሙሉው ማዕድ ነው።

ከኛ ማዕድ ጋር ስናስተያየው ሩቅ አይደለም። የጤፍ እንጀራ ከነገለባው የተፈጨ እህል ነው። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽንብራ በአሰርና በፖታሲየም የበለጸጉ ናቸው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት በየጉልቱ አሉ። የሚጾም ቤተሰብም በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ከቅቤና ከሥጋ ያርፋል። የጾሙን ጥቅም የሚያጠፋው ዘይት እስኪንሳፈፍበት የተሠራ ሽሮና የተጠበሰ ሳምቡሳ ነው። የጾሙ መፍቻ ቀንም በአንድ ጊዜ በቅቤና በሥጋ የሚካካስ ከሆነ ደካማ ልብ ይቸገራል።

ከቤት ውጭ ለምትውል ሠራተኛ እናት ይህን ሁሉ በየቀኑ ማሟላት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቅዳሜ ወይም እሑድ ምስርና ባቄላ በብዛት ቀቅሎ ማቆየት፣ ጠዋት ከጎመንና ከቲማቲም ጋር አድርጎ በምሳ ዕቃ መያዝ የሳምንቱን ድካም ያቀላል። በቢሮ አጠገብ በሚሸጠው ፓስቲ ፈንታ ሙዝ ወይም ብርቱካን መግዛት ወጪው ብዙ አይለያይም። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድም በየትኛውም ጓዳ የማይገኝ የልብ መድኃኒት ነው። ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመከራል። ሲጋራና ጫት ደግሞ የልብ ጠላቶች ናቸው። በማገዶ የምታበስል እናትም ጭስ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ልብንም እንደሚጎዳ ዐውቃ መስኮትና በር ከፍታ ታብስል።

ቅጠልም መድኃኒት ነው፤ መድኃኒትም መጠን አለው

«ቅጠል ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚል አነጋገር ይሰማል። ታሪክ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሽሮፕሺር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በምስጢር የያዙት መድኃኒት ሰውነታቸው ያበጠ ሕሙማንን እንደሚያድን ሰማ። መድኃኒቱ ከሃያ በላይ ዕፀዋት የተቀመመ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ የሚሠራው ፎክስግላቭ የምትባለው ባለ አበባ ተክል መሆኗን ለየ። ከዚያም ለአሥር ዓመት መጠኑን ሲያጠና ቆይቶ በ1785 መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬም ለልብ ድካም የሚታዘዘው ዲጎክሲን የተባለው መድኃኒት ከዚሁ ተክል ወገን የተገኘ ነው። መጠኑ ጥቂት ሲያልፍ ግን የልብን ምት አዛብቶ ይገድላል። የአሮጊቷ ዕውቀት ለዓለም የጠቀመው መጠኑ ከተለካ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን በማስታወሻ ያዙ። የልብ ቧንቧቸው ተቀይሮላቸው ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት አብዝተው ቢወስዱ ደም ሊፈሳቸው ይችላል። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንሱ፣ አንድ ሳምንት አብዝቶ በሌላው መተው ሳይሆን ዘወትር በተመሳሳይ መጠን መብላት ይገባል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ፖታሲየም ያለበትን ምግብ ስለ ማብዛት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ጤና አዳም አብዝቶ መጠጣት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ኤናላፕሪል የምትወስድ ሴትም ስታረግዝ፣ ለማርገዝ ስታስብም ቢሆን፣ መድኃኒቱ እንዲለወጥላት ወዲያው ለሐኪሟ ትንገር። በእርግዝና ጊዜ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ከታየ ቅጠል ፍለጋ መሄድ አይገባም፤ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

የደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ አገጭ የሚሄድ ሕመም፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር የልብ አደጋ ምልክቶች ናቸው። በሴቶች ላይ ደረት ሳይጨነቅ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊታይ ስለሚችል ብዙዎች «የጨጓራ ነው» ብለው ተኝተው ይቀራሉ።

የልጆች ልብስ?

በአገራችን ልብን የሚያሳምመው ደም ብዛት ብቻ አይደለም። ብዙ ወጣቶችን ለልብ ሕመም የሚያደርሳቸው በልጅነታቸው የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ አንድ ዓይነት ተህዋስ ጉሮሮን ያሳምምና ካልታከመ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ክርን የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። በመጨረሻም የልብን በሮች ያበላሻል። ለነዚህ ልጆች መርጃ በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት የተቋቋመ ማኅበር መኖሩና የልብ ሕክምና ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ መሠራቱ የችግሩን ስፋት ያሳያል።

ማርና ዝንጅብል ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ተህዋሱን ግን አይገድሉም። እንጥል ማስቆረጥም ሕመሙን አይከላከልም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። ጉሮሮው የታመመና ትኩሳት ያለው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰድና ፔኒሲሊን ቢታዘዝለት ልቡ ይተርፋል። ልቡ የተነካ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ አንድም ጊዜ እንዳይዘል እናት ቀኑን ትቁጠር።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። ጓዳችን ለልባችን ብዙ ሊያደርግ ይችላል፤ ተልባው፣ ምስሩና ጎመኑ በእጃችን ናቸው። ጨዉን የምንቀንሰውም እኛው ነን። ኪኒን የታዘዘላት እኅት ግን ተልባዋን ትጠጣ፣ ኪኒኗንም በሰዓቱ ትዋጥ። ግፊቷ ወርዶ ከተገኘ መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪሟ እንጂ ጎረቤቷ አይደለችም። ከጎረቤት የሚጠበቀው መልካም ምክርም፣ «እትዬ፣ ይነሡ፤ ሄደን እንለካ» የሚለው ነው።